«ቀናዓ» እና «ቅናት» ይዛመዳሉ? በአማርኛስ ምን እንበለው?

መርፌና ክር፦
አሰላሙ አለይኩም፤ የሌላ እምነት ወገኖቼም ጤና ይስጥልኝ። አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

የምኖረው ደሴ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። አብሮ አደጎቼ ጅዳና ዱባይ ሠርተው ለወላጆቻቸው ቤት አቁመዋል። እኔ እናቴን ስለማስታምም ከስፌት መኪናዬ አልራቅኩም። ፊቴ በከፋው ቁጥር እናቴ «አላህ ቀናዓ ይስጥሽ» ትለኛለች። ልጅ ሆኜ ቃሉ ለጆሮዬ «ቅናት» ነበር። እናት ለልጇ ቅናት ትለምናለች ወይ እያልኩ አዝን ነበር።

አሁን ሐሳቡ ይገባኛል፤ በተሰጠ መርካት ማለት ነው። ግን ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን የሚቀሩ የጎረቤት ልጆች «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። «መብቃቃት» ልበላቸው? ደግሞስ ከ«ቅናት» ጋር በሥር ይገናኛል?

ግእዝ ወዳድ፦
እህቴ፣ በሥር አይገናኙም። ጆሮሽ የተሳሳተው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። «ቅናት» ከግእዙ «ቀንአ» የመጣ ነው፤ መጨረሻው አልፋው አ ነው። የእናትሽ ቃል ዐረብኛ ሲሆን መጨረሻው ከጉሮሮ የሚወጣው ዐይኑ ዐ ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ከቀላቀለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለዚህ ተቃራኒ የሆኑት ቃላት በአፋችን መንታ መሰሉ። የ«ቀንአ» ዘመድ በዕብራይስጥም አለ፤ ቅናትን «ቂንአ» ይሉታል። በዐረብኛ ደግሞ ይኸው በአልፋ የሚያልቀው ሥር እጅግ መቅላትን ያመለክታል፤ ፊት ከሚያቀላው ስሜት ጋር የሚያያይዙት አሉ።

በአማርኛም ቢሆን «ቀና» ሁሉ ክፉ አይደለም። «ቀና ሰው» እንላለን፤ ሥራ ለጀመረ «ይቅናህ» ብለን እንመርቃለን። ይህ ከ«ቀናበት» ጋር መምታታት የለበትም።

የመድረሳ ልጅ፦
ወአለይኩሙ ሰላም። በዐረብኛም ሥሩ ሁለት ፊት አለው። «ቀናዓ» በተሰጠው መርካት ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው «ቁኑዕ» ግን ዝቅ ብሎ መለመንም ይሆናል። ለዚህ ነው በሱረቱል ሐጅ 36ኛው አንቀጽ ከእርዱ ሥጋ አብሉት የተባለው «ቃኒዕ» ማን እንደሆነ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚዎች) የተለያዩት። ገሚሶቹ ሳይለምን በደረሰው የሚረካው ድኻ ነው አሉ፤ ገሚሶቹ ለማኙ ራሱ ነው አሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ብዙ ሰው «ቀናዓ» ሲባል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለዋል፤ በዚህ አልስማማም። ሱረቱ ኒሳእ 32ኛው አንቀጽ፣ አላህ አንዳችሁን ከሌላው ያበለጠበትን ነገር አትመኙ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ አላህን ከችሮታው ለምኑት ብሎ ያዛል። ልመናው አልተከለከለም፤ የተከለከለው ከጎረቤት እጅ ላይ ዐይንን መትከል ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስም ሀብታምነት በንብረት ብዛት ሳይሆን በነፍስ መክበር እንደሆነ ይናገራል።

ወሎየው፦
እታለም፣ «መብቃቃት» ለእኔ የጎተራ ቃል ነው። ጤፉን ከማሽላ ቀላቅለን እስከ መኸር አብቃቃነው እንላለን፤ ያነሰን ማዳረስ ማለት ነው። «በቃኝ» ደግሞ እንደ አነጋገሩ ነው። ከማዕድ ሲነሱ ጥጋብ ነው፤ በቁጣ ሲሉት ምሬት ነው።

ሥሩን ግን አትጣይው። ከ«በቃ» የወጣው «በቃኝ» ብቻ አይደለም፤ «ብቃት»ና «ብቁ»ም የዚያው ልጆች ናቸው። ያለው የበቃውን ሰውና ለሥራው የበቃውን ሰው አማርኛ በአንድ ግሥ ነው የሚጠራቸው። ይህን ሳስብ የእናትሽ ምርቃት ሁለቱንም የያዘ ይመስለኛል።

አያቴ «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲሉ እንሰማ ነበር። ሰው የሌላውን ጌጥ አይቶ ሲቋምጥ ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ሁለቱ ተረቶች ለየብቻ ሲነገሩ ነው የኖሩት፤ እኔ ግን የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ይመስሉኛል። የሰው ወርቅ ላይ ያፈጠጠ ዐይን የራሱን መዳብ ነው ይለዋል።

የመድረሳ ልጅ፦
ወንድሜ ስለ «ብቃት» ያነሳኸው ልቤን ነካው፤ የቢላልን (ረ.ዐ) ነገር አስታወሰኝ። የአዛንን ቃላት በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ የሚባል የመዲና ሰው ነበር። ማልዶ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግራቸው ሕልሙ እውነት መሆኑን አረጋገጡለትና «ከቢላል ጋር ቁምና ያየኸውን ንገረው፤ እርሱ ይጣራበት፤ ድምፁ ካንተ ያማረ ነው» አሉት። ሐዲሱ አቡ ዳውድ ዘንድ አለ።

እስቲ ዐብዱላህን አስቡት። ቃሉ የመጣው ለእርሱ ነው፤ በመስጊዱ የሚሰማው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ያውም ትናንት መካ ላይ ባሪያ የነበረ፣ በደረቱ ድንጋይ ተጭኖበት የተሠቃየ ሐበሻ። ዐብዱላህ ቃላቱን አንድ በአንድ ለቢላል አቀበለ። ለእኔ ቀናዓ ይህ ነው፤ ሕልሙ የእኔ ነው፣ ድምፁ የእርሱ ነው ብሎ ማወቅ። ቢላልም የሕልሙ ባለቤት ባለመሆኑ ድምፁን አልደበቀም።

ዐሊይ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት «ሥሩ፤ ሁሉም ለተፈጠረለት ነገር ይገራለታል» የሚለው ሐዲስም አለ። የተነገረው ስለ ቀደር፣ አላህ አስቀድሞ ስለ ወሰነው ነገር ነው፤ የእኔ ኡስታዝ ግን ስለ ሙያና ዝንባሌ ሲመክሩንም ያነሱት ነበር።

ግእዝ ወዳድ፦
«ተሰጥኦ» የሚለውን እንጨምር። ዛሬ የምንሰማበት «መሰጠት»ን ብቻ ነው። በግእዝ «ተሰጥወ» ግን መለሰ፣ ተቀበለ ማለትም ነው፤ በቅዳሴ ሕዝቡ የሚመልሰው ራሱ «ተሰጥዎ» ይባላል። ቢላል ያደረገው እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ተሰጥዎ ነው፤ የተሰጠውን ድምፅ ይዞ መለሰ።

ዐረብኛውን «ኒዕማ» የአማርኛው ቁርኣን «ጸጋ» ብሎታል፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ሱረቱ ዱሓ የሚያልቀውም የጌታህን ጸጋ አውራ በሚል ትእዛዝ ነው። ጸጋውን ያላየ ሰው ምኑን ያወራል?

መርፌና ክር፦
አላህ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ጽሑፋችሁን ለእናቴ አነበብኩላት። የቢላል ጋ ስደርስ አስቁማኝ «አንቺስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ሰው በር ላይ ሲቆም ሜትር ሳታወጪ ልኩን የምታውቂው ማን አስተምሮሽ ነው?» አለች። ማንም አላስተማረኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳደርገው እንደ ስጦታ ቆጥሬው አላውቅም፤ ሰፊ ሁሉ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር።

ለልጆቹ አንድ ቃል መፈለጌን ትቻለሁ። በሉሁ (ልጆቹ በሚቀሩበት ሰሌዳ) ላይ «ቀናዓ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «በቃኝ» እና «ብቁ» የሚሉትን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። የመጨረሻዋን «ዓ» ደግሞ በዐይኑ ጽፌ በቀይ አከበብኳት። ትንሿ ልጅ ለምን እንደሆነ ጠይቃኛለች፤ ቅዳሜ ከጉሮሮዋ እንድታወጣት አስተምራታለሁ።