ልጃችን ሙቀት ክፍል ገብቷል፤ ፎቶ ላኩልን ማለት ይቻላል?

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም የባህር ዳር ሰዎች። ባለቤቴ በሰባተኛ ወሯ በኦፕሬሽን ወልዳ ልጁ ሙቀት ክፍል ነው። እሷ ሌላ ፎቅ ላይ ተኝታለች፣ ገና መነሳት አልቻለችም። እኔ በር ላይ ስጠይቅ «ደህና ነው» ይሉኛል፣ በሩ ይዘጋል። እሷ ደግሞ «ወተት ወሰደ? ኦክስጅኑ ተነሳለት?» ስትለኝ የምመልሰው የለኝም። በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላኩልን ብል ነውር ይሆን? እናቴ ደግሞ ክርስትና ሳይነሳ ፎቶ የለም፣ የሰው ዓይን አለ ብላለች።

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድሜ፣ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ግን በነርሷ የግል ስልክ አይሁን። ተረኛዋን አስፈቅድና በራስህ ስልክ አንሳ፣ ስልኩን በአልኮል ጥረገው፣ ፍላሹን አጥፋ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ከፎቶው በላይ ግን ቁጥር ጠይቅ፦ ዛሬ ስንት ግራም ነው፣ ስንት ሚሊ ወተት ወሰደ፣ ሙቀቱስ? ከ36.5 እስከ 37.5 ከሆነ ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ቢቀንስ አትደንግጡ፣ ያለ ነገር ነው። ጠዋት ሐኪሞቹ ራውንድ ሲጨርሱ ሂድ፣ ያኔ የተሟላ መልስ ታገኛለህ።

የቀበሌ 14 እናት፦
ፎቶውን ብቻ አታሳያት በናትህ። እኔ የልጄን ፎቶ ከነቱቦው ሳይ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ሲስተሯ «የአፍንጫው ቱቦ ወተት የሚገባበት ነው» ስትለኝ ነው ልቤ የተመለሰው። ስለዚህ ምኑ ለምን እንደሆነ ጠይቀህ በድምፅ ላክላት። ጡቷን ስታልብም ቪዲዮውን እያየች ታልብ፣ ለኔ ወተቱ የወረደው እንደዚያ ነው። እናትህም እውነታቸውን ነው፣ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ።

ስደተኛው፦
እዚህ ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ ቪክሪየት የሚባል አገልግሎት አለ። ነርሷ አጭር ቪዲዮ ቀርፃ ትጭናለች፣ ወላጅ በይለፍ ቃል ገብቶ ያያል። እኛም አገር ቢያንስ ለክፍሉ አንድ ስልክ ቢመደብ ስንት እናት እፎይ ባለች።

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦
እውነት ነው፣ ቢመደብልን ደስ ባለን። ግን ዳታ ሲጠፋ መልእክት አልመጣም ብላችሁ ክፉ አታስቡ። ከባድ ነገር ካለ በጽሑፍ አይነገርም፣ ተደውሎ ትጠራላችሁ። እሷም መቀመጥ ስትችል ጠይቃችሁ ወደ ልጇ ውሰዳት፣ ካንጋሮ (ልጁን ገላ ለገላ አቅፎ ማሞቅ) ትጀምር። ደረቷ ላይ ስታቅፈው ከየትኛውም ቪዲዮ ይበልጥባታል።

የዘጌ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተረኛዋ ፈቅዳልኛለች፦ 1,420 ግራም፣ በአንድ ጊዜ 8 ሚሊ ይወስዳል! ነገ በዊልቸር ልወስዳት ነው። ለካንጋሮው ነጠላ ይሆናል?

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦
ንፁህ ከሆነ ይሆናል። ለልጁ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ያዝ። ለእሷ ደግሞ ፊት ለፊት የሚከፈት ልብስ።