ቀኙ ተቀየረ፣ ግራው ለምን ቀረ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። በኢንቬንተር (የማሽን መንደፊያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የጤፍ መውቂያ እየነደፍኩ ነው። የቀኙን የጎን ላሜራ ሠርቼ፣ ግራውን ከሱ በ«ዲራይቭ» (ከመሠረቱ ፋይል ጋር በሊንክ የተያያዘ ቅጂ በሚያወጣው ትእዛዝ) ገልብጬ አወጣሁት። ትናንት ኩሽኔታውን ከቁጥር 6208 ወደ 6209 ቀየርኩ። ኩሽኔታው የሚገባበት የቀኙ ቀዳዳ ከ80 ወደ 85 ሚሊ ሜትር አደገ። ግራው ግን ያው 80 ነው። ላሜራው ነገ ይቆረጣል፣ ጨንቆኛል።

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ግራውን ክፈትና የመሠረቱን (የቀኙን) ፋይል ስም ቀኝ ክሊክ አድርግ። ሊንኩ «ሰፕረስ» ብቻ ከተደረገ (ለጊዜው ከተዘጋ) መልሰህ ትከፍተዋለህ፣ አፕዴት ስትለው ይስተካከላል። «ብሬክ ሊንክ» ከተባለ (ጨርሶ ከተቆረጠ) ግን አለቀ፣ አይመለስም። እንደ አዲስ ዲራይቭ ማድረግ ነው።

ጠያቂ፦ ብሬክ ነው። ፋይሉን ስከፍት «መሠረቱን አላገኘሁም» እያለ ሲያስቸግረኝ ሊንኩን እኔው ቆረጥኩት። ለካ ፎልደሩ ውስጥ የቀኙን ስም ቀይሬ ነበር።

ሌላ መልስ፦ እኔም በዚሁ በስም መቀየር አንድ ሙሉ ላሜራ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስም በዊንዶውስ አትቀይር። ከኢንቬንተር ጋር በሚመጣው በዲዛይን አሲስታንት ቀይረው፣ ሊንኩን አብሮ ያስተካክልልሃል። ደግሞ ግራው ላይ ብቻ ያለ ቀዳዳ ካለህ እዚያው ግራው ፋይል ላይ ሥራው። የጋራ የሆነውን መሠረቱ ላይ ተው። ለቆራጩ ከመላክህ በፊት ሁለቱንም ቀዳዳ ለካቸው፣ እባክህ።

ጠያቂ፦ እንደ አዲስ አወጣሁት። ለካሁት፣ 85 ነው። እግዜር ይስጥልኝ።