የአማቼ ብድር አሥር ዓመት አለፈው፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጠያቂ፦
በ2005 ዓ.ም. ለባለቤቴ ወንድም 80,000 ብር አበደርኩት። የጽሑፍ ውል አለን፤ መክፈያው መስከረም 2006 ነው። በ2011 በባንክ 10,000 ብር ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። አሁን ስጠይቀው «አሥር ዓመት አልፎታል፤ ከፈለግሽ ክሰሺ» ብሎ መለሰልኝ። ቤተሰብ ነው ብዬ በመታገሤ ገንዘቤን ላጣ ነው?

መልስ (ጠበቃ)፦
እህቴ፣ አይዞዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ መደበኛው ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ዕዳው መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። አማችዎ የዘነጉት ግን አንቀጽ 1851ን ነው። ባለዕዳው ከፊሉን ሲከፍል ዕዳውን አምኗል፤ ይርጋው ይቋረጥና እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ቆጠራው ከ2011 ነው። ዋናው ነገር የባንኩ ማስረጃ ነው፤ ዛሬውኑ ያውጡት! ገንዘቡ ለዚሁ ብድር የተከፈለ መሆኑን የሚያሳይ መልእክት ካለም ያስቀምጡ።

ሌላ መልስ፦
ይህን አንብባችሁ ሁሉም ጉዳይ 10 ዓመት አለው እንዳትሉ። መኪና ለገጨው ሰው የጉዳት ካሳ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
ዝምድናችንስ በሕግ ፊት ይቆጠራል?

ጠበቃው፦
ይቆጠራል። አንቀጽ 1853 አበዳሪው በሥጋ ወይም በጋብቻ ዝምድና ምክንያት ሳይጠይቅ ከቆየ፣ ፍርድ ቤቱ የይርጋ መቃወሚያውን ላይቀበል እንደሚችል ይናገራል። ሆኖም ይህ በዳኛው ሚዛን የሚወሰን ስለሆነ ክፍያውን ዋና መከራከሪያዎ ያድርጉት።