ባክቴሪያን በብርሃን የሚገድል ጨርቅ ለሀዋሳ ሆስፒታሎች ይገዛ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ የሀዋሳ ሆስፒታሎች የክፍል መጋረጃቸውንና ጋውናቸውን ብርሃን ሲያርፍበት ባክቴሪያ በሚገድል ጨርቅ ይተኩ ወይስ ገንዘቡ ለውኃ፣ ለሳሙናና ለልብስ እጥበት ይዋል?

የጨርቃጨርቅ መሐንዲስ፦ ይተኩ ባይ ነኝ። በጨርቁ ላይ የተያያዘው ማቅለሚያ ብርሃን ሲያገኝ ኃይሉን ለአየሩ ኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የተነቃቃው ኦክስጅንም የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዘረመል ባንድ ጊዜ ስለሚያጠቃ፣ ባክቴሪያው እንደ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይለምደውም። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ በጀርመን የሙኒክ ከተማ የሕክምና ተማሪ የነበረው ኦስካር ራብ፣ በጨለማ ጉዳት የማያደርስ ማቅለሚያ በብርሃን ፓራሚሲየም የተባለውን ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ እንደሚገድል በ1900 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ በደጃችን እያለ፣ ለውጭ ገበያ ሸሚዝ ከመስፋት አልፈን ይህን ብንሞክር ምን ይከፋል?

ነርስ፦ የወንድማችንን ኬሚስትሪ አልክድም። ነገር ግን መጋረጃ ይበልጥ የሚበከለው እጅ በሚይዘው ጠርዙ ላይ ሲሆን፣ መጋረጃው ሲሰበሰብ ያ ጠርዝ ብዙ ጊዜ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ብርሃን ያጣል። ደም ወይም ትውከት የነካው ጋውን ላይ ደግሞ ቆሻሻው ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ከሁሉም በላይ የፈሰሰ ደም የምናክመው በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሕድ ነው፤ በረኪና ቀለም እንደሚያነጣ ልብስ አጣቢዎቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማቅለሚያው ከነጣ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ተራ ጨርቅ ነው።

መሐንዲሱ፦ በማቅለሚያው ምትክ በረኪና የማይበግረው፣ ብርሃን ሲያገኝ ባክቴሪያ የሚገድል ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት አለ።

የኬሚስትሪ መምህር፦ አለ፤ ሆኖም በዋናነት የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ የተለመደው የኤልኢዲ መብራት ይህን ጨረር አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ የመስኮት መስታወትም ከፊሉን ያስቀራል። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያውን የሚያጠቃው ኬሚስትሪ የጥጡን ክርም ሊያዳክም ይችላል። እንደ ክሌብሲዬላ ያሉት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ደግሞ ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ስላላቸው፣ ማቅለሚያውም ቢሆን ከሌሎቹ ይልቅ እነርሱን ለመግደል ይቸገራል። በቤተ ሙከራ የሚገኘው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ብርቱ ብርሃን በማብራት የተገኘ ስለሆነ፣ እኔ የምደግፈው በመስኮት አጠገብ አዲሱንና ተራውን መጋረጃ ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ ከሁለቱም ጠርዝ ናሙና እየወሰዱ ማነጻጸርን ብቻ ነው። ጋውኑ ይቅር።

ነርሷ፦ ሙከራውን አልቃወምም፤ ወጪው ከሳሙናና ከበረኪና በጀት እንዳይነካ፣ መጋረጃው ከታጠበ በኋላ እንደገና እስኪታጠብ ያለው ጊዜም እንዳይራዘም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።

መሐንዲሱ፦ በእጥበቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ካልተራዘመ ከእጥበት የሚገኘው ቁጠባ ከየት ይመጣል?

ነርሷ፦ እንዳይገዛ የምለውም ለዚሁ ነው።