«ኢት ኢዝ ዌል ዊዝ ማይ ሶል»፦ ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ?

ጥያቄ — የኳየር ጸሐፊ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ። የአጥቢያችን ኳየር በሚያዘጋጀው የዝማሬ ምሽት ላይ ከእያንዳንዱ መዝሙር በፊት የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ለምእመናን እናስተዋውቃለን። «ለነፍሴ ደኅና ነው» የሚል ትርጉም ያለውን ይህን የእንግሊዝኛ መዝሙር በተመለከተ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግሁት ታሪክ እንዲህ የሚል ነው፦ በቺካጎ የሚኖር አንድ ሰው መጀመሪያ ወንድ ልጁ ሞተበት፤ ቀጥሎ ንብረቱ በእሳት ወደመ፤ በመጨረሻም አራት ሴት ልጆቹ ባሕር ውስጥ ሰጠሙ፤ እርሱም ልጆቹ በሰጠሙበት ስፍራ በመርከብ ሲያልፍ ግጥሙንም ዜማውንም እዚያው ደረሰ። ይሁን እንጂ ኖታ ባለው የመዝሙር መጽሐፍ ላይ ስፓፎርድና ብሊስ የሚሉ ሁለት ስሞች፣ ከእነርሱም ጋር «ቪል ዱ አቭር» የሚል ሦስተኛ ስም አገኘሁ። ይህ ሦስተኛው ማን ነው? የእያንዳንዳቸውስ ድርሻ ምንድን ነው? በማስረጃ የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ — የመዝሙር ታሪክ አንባቢ

እህቴ፣ «ቪል ዱ አቭር» የሰው ስም ሳይሆን የመርከብ ስም ነው። በምዕራባውያን የመዝሙር መጻሕፍት አንድ ዜማ ከግጥሙ ተለይቶ የራሱ መጠሪያ ይሰጠዋል፤ የዚህ ዜማ መጠሪያም ልጆቹ ከሞቱባት መርከብ የተወሰደ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግጥሙ ጸሐፊ ሆሬሽዮ ስፓፎርድ በቺካጎ የሕግ ባለሙያ የነበረና ገንዘቡን በመሬትና በቤት ላይ ያዋለ ሰው ነበር፤ በጥቅምት 1871 ከተማዋን የበላው ታላቅ እሳት ከባድ ኪሳራ አደረሰበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ አና ከአራቱ ሴት ልጆቻቸው ጋር ወደ አውሮፓ ስትጓዝ እርሱ ለሥራ ጉዳይ ወደ ኋላ ቀረ። ኅዳር 22 ቀን 1873 መርከቢቱ በአትላንቲክ ላይ «ሎክ ኧርን» ከተባለች ባለሸራ መርከብ ጋር ተጋጭታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች፤ 226 ሰዎችም አለቁ። አና ከዌልስ፣ ከካርዲፍ ከተማ፣ ብቻዋን መትረፏን በቴሌግራም አስታወቀችው።

እርስዎ በሰሙት ታሪክ ውስጥ ግን መታረም ያለበት ነገር አለ። ወንድ ልጃቸው የተወለደው ከመርከቡ አደጋ በኋላ ሲሆን የሞተውም በ1880፣ መዝሙሩ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ከእሳቱ በፊት ሞተ የሚባለው ትክክል አይደለም። በስብከት ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ስሕተት በመሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የእነዚህ ወላጆች ኀዘን ሳይጨመርበትም እጅግ ከባድ ነበርና።

ግጥሙ የተጻፈበትን ጊዜ በተመለከተ ሁለት ምስክርነቶች አሉ። ኋላ የተወለደችው ልጃቸው በርታ፣ አባቷ በ1873 ባለቤቱን ሊያመጣ ሲሄድ በባሕር ላይ እንደ ጻፈው ተናግራለች። ዘማሪው አይራ ሳንኪ ደግሞ በ1876 በስፓፎርድ ቤት ለሳምንታት በእንግድነት ሳለ፣ ስፓፎርድ ግጥሙን ለልጆቹ መታሰቢያ እንደ ጻፈው መስክሯል። የእጅ ጽሑፉ ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የተጻፈውም በአንድ የቺካጎ ሆቴል ወረቀት ላይ ነው። እኔ ወደ ሳንኪ ቃል አዘነብላለሁ። ያ ማለት ግን መዝሙሩ ክብሩ ይቀንሳል ማለት አይደለም። በመርከብ ላይ በአንድ ሌሊት የተነገረ ቃል ልብን ይነካል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ አልጋዎችን እያየ የኖረ አባት አሁንም «ደኅና ነው» ማለቱ ግን ለእኔ ይበልጥ ይከብዳል። ልጇ የሞተባት የሱነም ሴት በ2ኛ ነገሥት 4፥26 ላይ የመለሰችው ቃልም ይኸው ነው።

መልስ — የባስ ዘማሪ

ወንድሜ በሚገባ አብራርቶታል፤ ስለ ዜማው ደራሲ ጥቂት ልጨምር፤ በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነውና። ፊሊፕ ብሊስ የፔንሲልቫኒያ ተወላጅ ሲሆን ብዙ መዝሙሮችን ግጥማቸውንም ዜማቸውንም ራሱ ደርሷል፤ ለዚህኛው ግን የወዳጁን ግጥም ተቀብሎ ዜማ ብቻ ሠራለት። መዝሙሩ በ1876 እርሱና ሳንኪ ባዘጋጁት የመዝሙር መጽሐፍ ታተመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በኦሃዮ ግዛት አሽታቡላ በተባለ ስፍራ የባቡር ድልድይ ፈርሶ ብሊስ ከባለቤቱ ጋር ሞተ። ዕድሜው 38 ነበር።

አዝማቹን በምትለማመዱበት ጊዜ የድምፅ ክፍፍሉን አደራ። ከፍተኛው ድምፅ «ደኅና ነው» ሲል ዝቅተኛው ተከትሎ ያንኑ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ይሉታል። አንዱ የተናገረውን ሌላው ሲያጸናለት እሰማለሁ፤ ስለዚህ የወንዶቹ ምላሽ መጮኽ የለበትም።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ፦ በእጅ ጽሑፉ ላይ በመጀመሪያው አንጓ ያለው ቃል «እንዳውቅ አስተማርኸኝ» የሚል ሲሆን በኅትመት ጊዜ «እንድል አስተማርኸኝ» ወደሚል ተለውጧል። ያወቁትን በአፍ መመስከር የተለየ እርምጃ በመሆኑ ለጉባኤ ዝማሬ ሁለተኛው እንደሚሻል ይሰማኛል።

የኳየር ጸሐፊ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። የወንድ ልጁን ነገር ከማነብበው ጽሑፍ አውጥቻለሁ፤ «ግጥም፦ ሆሬሽዮ ስፓፎርድ፤ ዜማ፦ ፊሊፕ ብሊስ፣ 1876» ብዬም አርሜዋለሁ። ስለ ኃጢአት ስርየት የሚናገረውን ሦስተኛውን አንጓ ለጊዜ ማጠር ብለን እንዘልለው ነበር፤ ዛሬ ማታ ግን ከቆላስይስ 2፥14 ጋር አስተያይቼ ሳነበው የአባትየው ሰላም ከየት እንደ መጣ የሚናገረው እርሱ ሆኖ አገኘሁት። በሚቀጥለው ልምምድ ላይ መልሰን እንድናስገባው ለመሪያችን አቀርባለሁ።