አንገት ላይ የሚያቃጥል ምላጭ

የጂሬኑ፦ ሰላም ጅማዎች። የብረት መላጫ ነው የምጠቀመው፣ ባለሁለት ስለት ምላጭ የሚገባበት። ጉንጭ ላይ ሰላም ነው፤ አንገት ላይ ግን ያቃጥላል፣ ሽፍታም ያወጣል። ጥፋቱ የምላጩ ነው ወይስ የአያያዝ?

የቆጪ ልጅ፦ ከአያያዝ ጀምር። የመላጫውን ራስ ቆዳህ ላይ አሳርፈህ እጀታውን ቀስ እያልክ ዝቅ አድርግ፤ ፀጉር መቁረጥ ሲጀምር እዚያው ያዘው። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አትጫን፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ደግሞ ምላጩ በሁለቱም ጎን እኩል መውጣቱን እይ፤ ካዘነበለ አንዱ ጎን ይፍቃል፣ ሌላው አይቆርጥም። ፈትተህ፣ ራሱን ወደ ታች ደፍተህ እንደገና አጥብቅ።

ባለ ሳሙናው፦ በምላጩ ስለትና ከስሩ ባለው የመላጫው ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ እንደ ፌዘር ያለ በጣም ስል ምላጭ ይስማማዋል። ሰፊ ከሆነ ለዘብ ያለ፣ ለምሳሌ ደርቢ። ሂርማታ ገበያ ስትወርድ ሙሉ ፓኮ አትግዛ፣ ከሁለት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ፍሬ ይዘህ አወዳድር። መጎተት ሲጀምር (ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 መላጨት በኋላ) ጣለው።

አስተካካዩ፦ ፀጉርህ ጥቅልል ነው? እንግዲያው ሽፍታው ተመልሶ ቆዳ ውስጥ የገባ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ቆዳ ወጥረህ ሽቅብ ስትላጭ ፀጉሩ ከቆዳ በታች ይቆረጥና ሲያድግ ወደ ውስጥ ይወጋል። የአንገት ፀጉር ወዴት እንደሚተኛ በጣትህ ዳስስ፣ በዚያው አቅጣጫ አንዴ ብቻ ላጭ። ሽፍታው እስኪጠፋ ምላጭ አታስነካው።