ጥያቄ፦ 5,000 ሰው በሚጭን መርከብ አትላንቲክን ስንሻገር ለእናቴ መላወሻ ይኖራል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ እኔ ጋ ሜሪላንድ ትኖራለች። ወንድሜ ደግሞ ፍራንክፈርት ነው፣ በግንቦት ሠርጉ ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስትመጣ እግሯ አብጦ ስለነበር «ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ሳፈላልግ በሚያዝያ መጨረሻ ከፍሎሪዳ ተነስቶ በ14 ሌሊት ባርሴሎና የሚገባ የመዝናኛ መርከብ አገኘሁ። ዋጋው ከጠበቅሁት በታች ነው።

ያስፈራኝ የሰው ቁጥር ነው። ስለ አንዱ መርከብ አንድ ቦታ 4,200 ተሳፋሪ፣ ሌላ ቦታ 5,200 ይላል። የቱ ነው እውነቱ? እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ግፊያ አትችልም። ሠርግ ቤት እንኳ ቡፌ ሲነሳ ጥግ ይዛ ሰው እስኪቀል ነው የምትጠብቀው። እዚህ ደግሞ ለስድስትና ሰባት ቀን መሬት አይረገጥም፣ ሁሉም ሰው እዚያው ውስጥ ነው። የጾም ምግብም ያሳስበኛል። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ካቢን ሠሪው

እህቴ፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። መርከብ ላይ ካቢን (የተሳፋሪ መኝታ ክፍል) በማጽዳት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ትንሹ ቁጥር በየካቢኑ ሁለት ሁለት ሰው ተብሎ የተቆጠረ ነው። ትልቁ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚወርዱት አልጋዎች፣ የሚዘረጋው ሶፋ፣ ሁሉም ሲሞላ ነው። ለምሳሌ በ2024 ሥራ የጀመረው ግዙፉ አይከን ኦቭ ዘ ሲስ በሁለት ሁለት ሲቆጠር 5,610 ተሳፋሪ ነው፤ ጢም ሲል 7,600። በዚያ ላይ 2,350 ሠራተኛ አለ። ኩባንያዎቹ «መቶ ከመቶ» የሚሉት በሁለት ሁለት የተቆጠረውን ነው። ስለዚህ ከመቶ በላይ ሞላን ሲሉ ብትሰሚ ሰው ኮሪደር ላይ አድሯል ማለት አይደለም። ልጆች ተጨምረዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዞ። በሚያዝያ ትምህርት አልተዘጋም። ልጅ ያለው ሰው 14 ሌሊት የት ያገኛል? እነዚያ ተጨማሪ አልጋዎች አብዛኛዎቹ እንደታጠፉ ነው ውቅያኖሱን የሚሻገሩት። ዋጋውም የረከሰው መርከቧ ለራሷ ጉዳይ ስለምትሄድ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ካሪቢያን ትሠራለች፣ በበጋቸው ሜዲትራኒያን። በሚያዝያ ትሻገራለች፣ በጥቅምትና በኅዳር ትመለሳለች። ባዶዋን ከምትሄድ ሰው ትጭናለች።

ተሳፋሪው በአብዛኛው ጡረተኛ ነው። እማማ እዚያ ከወጣቶቹ ተርታ ነው የሚመደቡት፣ አትሥጊ። ጉዱ ሊፍቱ ላይ ነው። ግማሹ ሰው ምርኩዝ ወይ ባለጎማ መደገፊያ ይዞ ነው የሚገባው፣ አንዴ አራት ሰው ከገባ ሞላ።

ሒሳብ አልወድም ነበር

የተሳፋሪ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የመርከቡን «ግሮስ ቶኔጅ» ፈልጊና በሁለት ሁለት ለተቆጠረው ተሳፋሪ አካፍዪው። ስሙ ቶን ይባል እንጂ ክብደት አይደለም፣ የውስጡ ስፋት መለኪያ ነው። አይከን 248,663 ነው፤ ለ5,610 ስታካፍዪው 44 ገደማ ይመጣል። ኩዊን ሜሪ 2 የምትባለው መርከብ ደግሞ 149,215 ናት፣ 2,691 ተሳፋሪ፤ 55 ገደማ። በትንሿ መርከብ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ ይሰፋል ማለት ነው። አይከንን በ7,600 ብታሰይው ወደ 33 ይወርዳል። እኔ ከ40 በታች የሆነ ላይ እናቴን አላሳፍርም። ይሄ የኔ ልክ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ሁለቴ የተሻገርኩ (ሲያትል)

ከላይ ያሉት ስለ ቁጥር ነገሩሽ፣ እኔ ስለ ሰዓት ልንገርሽ። ግርግሩ ሰዓት አለው። ወደ አውሮፓ ስትሄዱ ሰዓቱ ወደፊት እየተገፋ አምስት ስድስት ቀን ከየቀኑ አንዳንድ ሰዓት ይቀንስባችኋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? አርፍዶ ይነሳል። እና ቁርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የመርካቶ ጎዳና ነው። እኔ ሳህን ይዤ እንቁላል ጋ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ፤ የት እንደምቀመጥ ስፈልግ እንቁላሉ በረደ። ባለቤቴ ግን 1 ሰዓት ላይ ወርዶ መስኮት አጠገብ ብቻውን በልቶ ይመለስ ነበር። በሚቀጥለው ቀን አብሬው ወረድኩ።

ሌላው ጭንቅ ቲያትሩ ሲለቀቅ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ተነሱ። መሐል ያለው ሊፍት ይጨናነቃል፣ የዳርና የዳሩ ይሻላል። ካቢን ስትይዢ የመርከቡን ወለል ሥዕል አውጥተሽ ከሊፍቱ ስንት በር እንደሚርቅ ቁጠሪ። በትልልቆቹ ላይ ኮሪደሩ ራሱ መንገድ ነው። ዝቅ ያለና መሐል አካባቢ ያለ ካቢን ማዕበሉም ብዙ አይሰማበትም። ራት ቡፌ አትሂዱ። ዋናው ምግብ ቤት ተቀምጠሽ ነው የሚቀርብልሽ፤ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ አስመዝግቢ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ያንቺ ጉዞ እዚያ ውስጥ ከዋለ ተገላገልሽ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ጀበናና ምድጃ እንዳትይዢ። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም ክልክል ነው። እኔ ምድጃዋን በልብስ ጠቅልዬ ነበር። ፍተሻው ላይ ተወሰደች፣ ስንወርድ በደረሰኝ መለሱልኝ። አሥራ ሦስት ቀን የማሽን ቡና ጠጣሁ።

ብሩክሊን ሬድ ሁክ

ኩዊን ሜሪ 2 ከተነሳች አይቀር፣ እሷም አማራጭ ናት። ከኒው ዮርክ እስከ እንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን ብዙውን ጊዜ 7 ሌሊት ናት። ከ2004 ጀምሮ እዚያው መስመር ላይ ናት፤ ለውቅያኖስ ተብላ የተሠራች፣ ቀፎዋ ወፍራም፣ አፍንጫዋ ረጅም። በሰሜን ስለምትሄድ ግን ብርዱና ነፋሱ አለ፣ በረንዳ ላይ መቀመጥ ብዙም አታስቢ። የፍሎሪዳው መስመር ሞቅ ያለ ነው፣ አንዳንዴም አዞሬስ ወይ ማዴራ ደሴት ላይ ቆም ይላል። ግርግር ስለማትወድ እናት ካሰብን ግን ኩዊን ሜሪ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አላት፣ ጸጥ ያለ ወንበር አይጠፋም። አንዳንዴ ሐምቡርግ ድረስ ትሄዳለች፤ ከዚያ ፍራንክፈርት በባቡር ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የያዝኩትን አካፍዬ 41 ሆነ፣ ለጥቂት አለፈ! አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር፤ እማዬ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ወንድሜ ጋ ከርማ በጥቅምት መርከብ እንድትመለስ ነበር ያሰብነው።

ካቢን ሠሪው

እንዴ፣ ይሄን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ! በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግሪን ካርዱ ብቻ አያስገባትም፣ የሸንገን ቪዛ (ስፔንና ጀርመን ያሉበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋታል። ዋና መድረሻዋ ጀርመን ስለሆነ የምታመለክተው ለጀርመን ነው። ቪዛ የሌለውን ሰው ወደቡ ላይ ሳያሳፍሩ ይመልሱታል፣ ገንዘቡም አይመለስም። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሻንጣው ገብቶ ባለቤቱ ቀረ። በሳውዝሃምፕተን ከሆነ ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ነው። እና በሸንገን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚቻለው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይሆንም።

ብሩክሊን ሬድ ሁክ

ለመመለሻው ኩዊን ሜሪን እዪ። እሷ በበጋውም ትመላለሳለች፣ ጥቅምትን አትጠብቅም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ትምህርት ስለሚዘጋ ልጆች ይኖራሉ፤ እነዚያ የታጠፉ አልጋዎች ይዘረጋሉ። ከቻልሽ ሰኔ ውስጥ አድርጊው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

የቪዛ ቀጠሮ ዛሬውኑ እይዛለሁ። ካቢኑንም ቀየርኩ፣ ከኋለኛው ሊፍት አራተኛው በር ነው። እማዬ ስለ ሰው ብዛቱ ሁሉንም ሰምታ «ግድ የለም» አለች። ስለ ጀበናው ስነግራት ነው ዝም ያለችው።